የመጀመሪያው ምድብ ጥርሶች

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። ለሥራው ሌላ ሰጡኝ፤ ይሄኛው ለእኔ ቀረ።

አዲሱ ሙከራ ዛሬ ተጀመረ። ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነው፦ ቀንድ አውጣ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲፍቅ ይኖራል፤ ጥርሶቹ ለምን አይሰበሩም? አፉ ውስጥ እንደ ሞረድ የሆነች ቀጭን ሪባን አለች። ሪባኗ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥርሶች ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ይህችን አውጥቶ ድንጋዩን ይልሳል፣ አረንጓዴውን ልባስ ልጦ ይመለሳል። የፊተኞቹ ጥርሶች ሲያረጁ ይረግፋሉ፣ ከኋላ አዳዲሶች ይተኳቸዋል።

የእኔ ድርሻ መስበር ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ቀጭን መርፌ ወደ አንድ ጥርስ አስጠግቼ እገፋለሁ። መርፌዋ ከኃይል መለኪያ ጋር ተያይዛለች፤ ጥርሱ ምን ያህል ጫና እንደቻለ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። ግማሹን ናሙና እርጥብ፣ ግማሹን ደረቅ አድርጌ ነው የምለካው።

ስሌቱን የሚሠራው ኢንጂነሩ ነው። ሁላችንም የምንጠራው በሙያው ነው፤ ስሙን የሚያስታውሰው የበሩ ጥበቃ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱ እንደሚለው እርጥብ ጥርስ ሥሩ ላይ ለስለስ ስለሚል፣ ሲገፉት ጎበጥ ይልና ከኋላው ያለው ላይ ይደገፋል። ያኛውም ቀጣዩ ላይ። ጫናው በዚህ መንገድ ይከፋፈላል። ደረቅ ከሆነ ግን ብቻውን ቆሞ ብቻውን ይሰበራል። እስካሁን ያለው ግን ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እውነት መሆኑን የማሳየው እኔ ነኝ።

ሪባኗን ከቀንድ አውጣው አፍ የሚያወጡት ጋሽ ቀስ ናቸው። የወጣላቸው ስም ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ላብራቶሪ ለገባ ሰው ሁሉ «ቀስ» ሲሉ ኖረዋል። ምላጭና ወረንጦ ይዘው፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ሳይቧጭሩ ያወጣሉ። እኔን ራሴን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ማይክሮስኮፕ ማስተካከል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ አራት ሪባኖች እርጥብ ስፖንጅ ላይ አጋድመው፣ በክዳን ሳጥን ሰጡኝ። «ውኃ እንዳታስጠሚያቸው» አሉኝ።

ረቡዕ 5

እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ጥርስ ላይ ነው የምትሠራው» ብላ አውርታ ኖሯል። የታችኛው ቤት ሴትዮ ጉንጫቸው አብጦ መጡና ሳሎን ተቀምጠው አፋቸውን ከፈቱልኝ። ምን ልበል? ጨው በሞቀ ውኃ ይጉመጥመጡ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አልኳቸው። መርቀውኝ ወጡ።

እናቴን ስቆጣት፣ ምን ዋሸሁ፣ ጥርስ ላይ አይደለም ወይ የምትሠሪው አለች። እውነቷን ነው። የቀንድ አውጣ ጥርስ መሆኑን ለሴትዮዋ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ዓርብ 7

ቸኩያለሁ። እናቴ ዛሬ አዲሱን ጥርሷን ትወስዳለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ጋ መገኘት አለብኝ። ሪባኖቹን ሰኞ እለካለሁ። ማክሰኞ ስብሰባ። ስምንት ሰዓት ነው፣ ወጣሁ።

ቅዳሜ 8

እናቴ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አድርጋ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች። «ሰ» ማለት አቅቷታል፤ ያፏጫል። አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ደግሞ ድንገት ዞር ብላ ፀጉርሽ ግን አምሮብሻል አለችኝ።

ማክሰኞ በሌሎች ክፍሎች ሰዎች ፊት ውጤት የማቀርበው እኔ ነኝ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ከላብራቶሪ አንድ ነገር ሳልጨርስ የወጣሁ ይመስለኛል። ማይክሮስኮፑን አጥፍቻለሁ። በሩን ቆልፌያለሁ። እንግዲህ ምን?

ሰኞ 10

የናሙናው ሳጥን ክዳን ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ትንሽ ነው። ስፖንጁን ስነካው ቀዝቀዝ ይላል፤ እርጥብ ነው ማለት ይቻላል። በማንጠብጠቢያ አንድ አንድ ጠብታ ጨመርኩላቸው፣ አንድ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና ለካሁ። በሰንጠረዡ ላይ «እርጥብ» ከሚለው ሥር አስገባሁት። ሌላ የት ላስገባው?

ጋሽ ቀስን አዲስ አውጡልኝ ማለት እችል ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስብሰባው ነገ ነው። ደግሞስ ለምን ብለው ቢጠይቁኝ?

ከአርባ ጥርስ ሠላሳ አንዱ ተሰበረ። ከደረቆቹ ጋር እኩል ማለት ነው። ምናልባት እውነቱ ይሄው ነው። ተፈጥሮ ኢንጂነሩን የማስደሰት ግዴታ የለባትም።

ማክሰኞ 11

ቀረበ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ሰዎች ፀጉሬን አደነቁ።

ኢንጂነሩ ተነስቶ ሞዴሉን ለማስረዳት ሲሞክር ከሌላ ክፍል የመጣ አንድ ሰውዬ፣ የአንተ ቀንድ አውጣ የሚበላው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ብሎ ቀለደበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ጥሩ ነበር።

ስንወጣ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

«ናሙናዎቹ እርጥብ ነበሩ፣ አይደል?»

«እርጥብ ነበሩ» አልኩት።

አመሰገነኝና ሄደ። ሁለት ዓመት የለፋበት ሥራ ነው። ከኋላው ሳየው ቦርሳውን እንደ ልጅ አቅፎ ነበር የሚሄደው።

ሐሙስ 13

የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ቁጣ አታውቅም፤ ዝም ብላ ታይሻለች፣ ያ ይበልጣል። የተሰበሩትን ጥርሶች ፎቶ ስትመለከት ቆይታለች። በዚህ መጠን መሰበር የለባቸውም አለች። ምናልባት ሲወጡ ተሰንጥቀው ይሆን? ባለፈው ወር ጋሽ ቀስ ብርጭቆ ሲያቀብሏት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይታለች። አንቺስ አስተውለሻል ወይ አለችኝ።

አላስተዋልኩም አልኩ። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። «ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ዓርብ 14

ያልኩት «ሊሆን ይችላል» ነው። «ነው» አላልኩም። ሊሆን የማይችል ምን ነገር አለ?

ሰኞ 17

ፕሮፌሰሯ ዛሬ ጋሽ ቀስን አነጋገረቻቸው። በአክብሮት ነው የነገረቻቸው አሉ፤ ለጊዜው ከምላጭ ሥራ ይረፉ፣ ገንዳዎቹን ብቻ ይጠብቁ ብላ። ከቢሮዋ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። የተሰበሩትን ማየት ፈለጉ።

ማይክሮስኮፑን አስተካከልኩላቸው። ብዙ ቆዩ። ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው በጣታቸው ጫፍ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ አዩ። ጎንበስ ብለው ሳሉ አንገታቸው ላይ የሸሚዛቸው ክር መተርተሩን አየሁ። ለምን እሱን እንዳየሁ አላውቅም። ሌላ የማየው ቦታ አጥቼ ነው።

«እኔ ነኝ እንዴ ይሄን ያደረግሁት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ማንም እንዲህ አላለም፣ ጋሼ።»

«ማንም ካላለ ምላጬን ለምን ይቀበሉኛል?»

መልሱ እኔ ጋ ነበር።

ምላጫቸውን በአልኮል ጠርገው፣ ማኅደሩ ውስጥ አስገብተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ለሚቀጥለው ሰው ስጪልኝ አሉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ ልጥለው የነበርኩት።

ረቡዕ 19

ያን ቀን እናቴ የሐኪም ቀጠሮ ባይኖራት ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዛሬ ጥርሷን የወጥ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፋ ሳገኘው ጮህኩባት። በዚህ ብርጭቆ ሰው ይጠጣል አልኩ። ብርጭቆውን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ብርጭቆው የራሷ ነው፤ ሰማያዊ ክብ ያለበት፣ ከእሷ በቀር ማንም የማይጠጣበት።

ማክሰኞ 25

ከሌላ ክፍል የተዋስናት ባለሙያ አዲስ ሪባኖች አወጣች። ፈጣን ናት፤ እንደ ጋሽ ቀስ አትሆንም፣ ሁለት ሪባን ተቀዶባታል። ቀኑን ሙሉ ከሳጥኑ አጠገብ አልተነሳሁም። ምሳ አልበላሁም። በየሰዓቱ ስፖንጁን እነካለሁ። ባለሙያዋ እንደ እናት ሆንሽባቸው ብላ ሳቀችብኝ።

ከአርባው ጥርስ አራቱ ብቻ ተሰበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መርፌዋ ስትገፋው ጥርሱ ይጎብጣል፤ ተሰበረ ብዬ ስጠብቅ ወገቡ ከኋለኛው ጥርስ ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። የኋለኛውም ሸብረክ ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ ሦስተኛው። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አይወድቅም። መርፌዋን ስመልስ ሁሉም ቀስ ብለው ይቆማሉ። ምንም እንዳልሆኑ። ጫፉ ጠንካራ ነው፣ ሥሩ ለስላሳ፤ በዚህ ላይ ውኃው። አንዱ ቢጎድል አይሆንም። የኢንጂነሩ ስሌት በሙሉ ትክክል ነበር።

ኢንጂነሩ እየሮጠ መጣ። በተራው ማይክሮስኮፑን አየና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንቺ ባትኖሪ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ፕሮፌሰሯ ከበሩ ላይ ሆና «እንግዲህ ታወቀ» አለች።

የታወቀው ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። አዲስ እጅ፣ ጤነኛ ጥርስ። የአሮጌው እጅ ጥፋት ተረጋገጠ ማለት ነው።

ዓርብ 28

ጋሽ ቀስ በራሳቸው ጥያቄ ጡረታ ወጡ። ሁለት ዓመት ይቀራቸው ነበር። ሻይና ብስኩት ቀረበ። ሁሉም ተናገረ። እሳቸው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ከእጄ በፊት ዓይኔ የሚደክም ነበር የሚመስለኝ።»

ካርዱ ላይ ሁሉም ሰው የመሰለውን ጻፈ። እኔ «ለሁሉም ነገር እናመሰግናለን» ብዬ ጻፍኩ። «አመሰግናለሁ» ማለት ከብዶኝ ነው ብዙ የሆንኩት።

ሐሙስ 4

ወር ከገባ አራተኛ ቀኑ። ማቀዝቀዣውን ሳጸዳ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት የታሸገች ጠርሙስ አገኘሁ። የጣት ጫፍ ታክላለች። የጋሽ ቀስ ጽሕፈት ነው፤ ባለፈው ወር የሰኞ 3 ቀን ተጽፎባታል፤ ከሥሩ «ትርፍ» ይላል። ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ያስቀምጡ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ውስጧ አንዲት ሪባን ውኃ ውስጥ ተኝታለች። ከእነዚያ ከአራቱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ምላጭ የወጣች።

ሰው አልነበረም። በሩን ቆልፌ አሥራ ሁለት ጥርሶች ገፋሁ። አንድም አልተሰበረም። ሥራቸውን፣ ጠርዛቸውን ፈለግሁ፤ ስንጥቅ የለም፣ ጭረት የለም። ከፈጣኗ ሴት ሥራ በእጅጉ የጠራ ነው።

ፋይሉን አላስቀመጥኩትም። ጠርሙሷን ከትልልቆቹ ጠርሙሶች ኋላ አድርጌ ዘጋሁት።

እስከ ዛሬ «ምናልባት» ነበረኝ። ምናልባት ክዳኑ ብዙም አልተከፈተም፣ ምናልባት ጠብታዋ በቅታለች፣ ምናልባት እጃቸውም። አሁን የለኝም። አሁን የቀረኝ እኔ ነኝ።

እሑድ 7

እናቴና የታችኛው ቤት ሴትዮ ወጥ ቤት ሆነው ሲጫወቱ ሰማሁ። እናቴ እየሳቀች ነው የምታወራው። ጥርሷን የወሰደች ቀን ሐኪሙ ጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ጠብቃኝ፣ እኔ ለካ ፀጉሬን እየተሠራሁ ኖሯል። ቅር እንኳ አላላትም። ወጣት አይደለች፣ ይገባታል አለች።

እንግዲህ ልጻፈው። ከላብራቶሪ በስምንት ሰዓት የወጣሁት ለእናቴ አይደለም። ለማክሰኞ ለማማር ነው። ፀጉር ሠሪዋ ከስምንት ተኩል ካለፈ ሰው አልቀበልም ስላለችኝ ነው የሮጥኩት። ክዳኑን ሳነሳ ስልኬ ጠራ፤ እሷ ናት፤ እየመጣሁ ነው እያልኩ ኮቴን ለበስኩ። ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ነው የወጣሁት። ሰኞ ገርበብ ብሎ አላገኘሁትም። ገርበብ የሚለውን እዚሁ ደብተር ላይ ነው የፈጠርኩት። ሳጥኑ ክፍት ነበር፤ ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ነበር።

ማንም ለማያነበው ደብተር ዋሸሁ።

ሰኞ 8

ስለ ሙከራው የምናሳትመው ጽሑፍ ደረሰ። የእኔ ስም መጀመሪያ ነው። በአራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «የመጀመሪያው ምድብ ናሙናዎች በዝግጅት ወቅት ጉዳት ስለደረሰባቸው ከስሌቱ ወጥተዋል።» እስከ ዓርብ አንብቤ መፈረም አለብኝ።

ስማቸው የለበትም። «በዝግጅት ወቅት» ብቻ። ግን የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ይህን የማያውቅ በሕንጻው ውስጥ የለም።

ረቡዕ 10

ከሥራ በኋላ ጋሽ ቀስ ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር። መንገዱን ሁሉ የመጀመሪያዋን ቃል ስለማመድ ነው የሄድኩት።

ባለቤታቸው በደስታ ተቀበሉኝ። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር ጠባብ ጠረጴዛ አለች፤ መብራት ተገጥሞላታል፣ አጉሊ መነጽር ተንጠልጥሎባታል፣ ትንንሽ ጉጠቶችና ወረንጦዎች በልካቸው ተደርድረውባታል። ትርፍ ሰዓታቸውን የሰፈር ሰው የእጅ ሰዓት ሲጠግኑ እንደነበር አላውቅም ነበር። በዘጠኝ ዓመት ጠይቄያቸው አላውቅም። ጠረጴዛዋ ላይ ግን አንድም ሰዓት አልነበረም። ባለቤታቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁሉንም ለየባለቤቱ መልሰዋል አሉኝ፤ የሰው ንብረት እንዳላበላሽ ብለው። አሥራ አንድ የእጅ ሰዓቶች ነበሩ፣ አንዱም አልተጠገነም።

ጋሽ ቀስ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር፤ ጉንጫቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። ሻይ ቀረበ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። የላብራቶሪውን ወሬ ጠየቁኝ። አዲሱ ውጤት ጥሩ መሆኑን ሰምተዋል፤ እሰይ አሉ፣ ከልባቸው ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየትኛው ረድፍ ላይ ነው የጎዳኋቸው? ምላጩን ሳስገባ ነው ወይስ ሳወጣ? ሌሊቱን ሙሉ አስበዋለሁ። በእጄ ምንም አልተሰማኝም እኮ። ሳይሰማኝ እንዴት ጎዳሁ?»

አሁን ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ያጋጥማል፣ ጋሼ» አልኩ። «በማንም ላይ ያጋጥማል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ በሩ ሸኙኝ። ደረጃው ጨለም ስላለ ቀስ በዪ አሉኝ።

ሐሙስ 11

ለእናቴ ነገርኳት። ከፀጉር ሠሪዋ ጀምሬ እስከ ሰዓቶቹ። ጥርሷን አውልቃ ስለነበር ፊቷ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ በጣም ያረጀች ትመስላለች። እያለቀስኩ ነው የምነግራት፤ ታቅፈኛለች ብዬ ነው መሰል።

አላቀፈችኝም።

«እኔ ጋ ምን አመጣሽ?» አለች። «ሰውዬው ቤት ሂጂ እንጂ።»

ትናንት ሄጄ ነበር አልኳት። ሄጄ ሻያቸውን ጠጥቼ መጣሁ። ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደዞረች ለታችኛው ቤት ሴትዮ የጥርስ ሐኪም እንዳልሆንሽ ነገ እነግራታለሁ አለች። ከሁሉም ይህኛው አሳፈረኝ። ስትኮራብኝ የከረመችበትን ነገር በገዛ እጇ ልትመልስ ነው።

ዓርብ 12

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፕሮፌሰሯ ቢሮ። ጽሑፉን ሳልፈርም፣ ጠርሙሷን ከላዩ አድርጌ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። በቅደም ተከተል ነገርኳት፦ የተከፈተው ሳጥን፣ ጠብታዋ፣ «ሊሆን ይችላል»፣ የትርፏ ሪባን አሥራ ሁለት ጥርሶች።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች፤ ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ተመልሳ ስትቀመጥ ጠርሙሷን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየቻት።

«ሳጥን ክፍት መተው ስሕተት ነው። እኔም ትቼ አውቃለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።»

መለኪያውን ለጊዜው እንዳልነካ ነገረችኝ። የኢንጂነሩ ስም መጀመሪያ ይሆናል፤ የእኔ ከጽሑፉ ይወጣል ወይስ መጨረሻ ላይ ይቆያል የሚለውን ኮሚቴ ይወስናል። ልወጣ ስል ደግሞ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ የእኔ ጥፋት ነው አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው የተናገረችው።

ቅዳሜ 13

ዛሬ ሻዩን አልጠጣሁም። አልተቀመጥኩምም። ባለቤታቸውም ባሉበት ቆሜ ተናገርኩ።

ጋሽ ቀስ ባዶዋ ጠረጴዛ አጠገብ ነበሩ። ፊታቸው አልተለወጠም። እንደ ሥራ ነገር ጠየቁኝ፤ ሳጥኑ ስንት ቀን ተከፍቶ ቆየ? ከዓርብ እስከ ሰኞ አልኩ። ትርፏስ? አሥራ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኩ። ጭረት? የለም፤ አንድም።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀለል ያላቸው መሰለኝ፤ እኔም አብሬ የቀለለኝ ያህል ተነፈስኩ። ያኔ ነው የከፈቱት።

«ትርፏን መቼ ነው የለካሻት?»

«ባለፈው ሳምንት ሐሙስ። ዘጠኝ ቀን ሆነው።»

«ረቡዕ እዚህ ስትመጪ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው ያዩዋቸው ጀመር፤ አንዴ ጀርባቸውን፣ አንዴ መዳፋቸውን። ያን ቀን ለፕሮፌሰሯ ብርጭቆ ሲያቀብሉ ትኩሳት እንደነበረባቸው ተናገሩ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም። ለእጆቻቸው ይመስለኛል።

ባለቤታቸው ተነስተው በሩን ከፈቱልኝ። አልተቆጡም።

«ይሄን ወር ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ» አሉኝ ደጃፉ ላይ። «አልችልበትም። በየቀኑ ነው የማደማው።»

ይቅርታ አልኩ። ወደ ቤት ውስጥም ዞሬ ጮክ ብዬ አልኩት። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ረቡዕ 17

ኢንጂነሩ ሰምቷል። እኔንም በኮሪደሩ ላይ ዓይኔን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ አለኝ። አዎ አልኩት። በስብሰባው ደግሞ ሳቅሽ አለ። ይህን ማየቱን አላውቅም ነበር።

አራተኛው ገጽ ተለወጠ፦ «የመጀመሪያው ምድብ ናሙናዎች በለኪዋ ቸልተኝነት ስለደረቁ ከስሌቱ ወጥተዋል።» ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፕሮፌሰሯ «ስሕተት» ብላ ነበር።

ሰኞ 22

ባለፈው ሳምንት ፕሮፌሰሯ ራሷ ቤታቸው ሄዳ ይቅርታ ጠይቃቸዋለች፤ እንዲመለሱም። ያሉትን ማንም አልነገረኝም። እኔ አሁን ገንዳ አጸዳለሁ፣ ውኃ እቀይራለሁ፣ መለያ እለጥፋለሁ። ማጉረምረም አይገባኝም፤ አላጉረመረምኩም። ለማን?

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ቀስ በሩን ከፍተው ገቡ። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰዋል። ጢማቸው ጥርት ብሎ ተላጭቷል፣ አንድም የቆሰለ ቦታ የለም። ሁሉም ተነሳ። ኢንጂነሩ አቀፋቸው። ፈጣኗ ሴት ምላጩን ከነማኅደሩ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አንድ በአንድ እየጨበጡ መጡ፤ አንተ እንዴት ነህ፣ አንቺ እንዴት ነሽ፣ ልጆችሽስ እያሉ፣ እንደ ድሮው።

እኔ ከገንዳዎቹ አጠገብ ነበርኩ፤ እጄ እርጥብ ነበር። በጋዋኔ ጠረግሁት። ፊቴ ሲደርሱ ቆሙ፤ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጨበጥኳቸው። ጠንካራና የረጋ እጅ ነው።

«እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

ዞር ብዬ ወደ ኋላዬ አየሁ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«ደህና» አልኩ። «እርስዎስ እንደምን አደሩ?»